የእናት ሜዳ እና የጫማዬ ማሰሪያ

የአገሩን ስም አልናገርም። ብናገር አንዱ ተነስቶ «እኔ አውቀዋለሁ፤ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ በደረሰብኝ ነገር ካልደረሰበት ሰው ጋር መከራከር አልወድም። ትንሽ ከተማ ናት። ወንዝ አላት፣ ገበያ አላት፣ አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ አላት። ሰውም አላት፤ ችግሯ እሱ ነው።

ሜዳው የእናት ሜዳ ይባላል። ስሙ የወጣለት ከጨዋታው ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ ዝቅ ተደርጎ ይታጨድና መሀሉ ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነጭ ድንጋይ ይቀመጣል። ድንጋዩን እናት እንለዋለን። ዕድሜው ሃምሳ የሞላ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ የየራሱን የእንጨት ኳስ ይዞ ሠላሳ እርምጃ ርቆ ይቆምና በሣሩ ላይ ያንከባልላል። ኳሱ ለእናት የቀረበችለት አሸነፈ። ጨዋታው ይኸው ነው። ምንም የሚያስቸግር ነገር የለውም፤ ያስቸገርነው እኛ ነን።

ሽልማቱ ሣሩ ነው። ያሸነፈ ሰው እስከሚቀጥለው መስከረም ድረስ የሜዳውን ሣር እያጨደ ይወስዳል። ለሌላው ሰው ይህ ቀልድ ነው። እኔ ግን መሬት የለኝም፤ ያለችኝ ዳለቻ የምትባል አንዲት ላም ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ እሷ በሣሩ፣ እኔ በወተቷ ነው የኖርነው። ሣሩ ከቀረ ዳለቻ ትሸጣለች፤ ዳለቻ ከተሸጠች እኔ የሰው እጅ ማየት ልጀምር ነው። እኔ ደግሞ የሰው እጅ ለማየት አንገቴ አይታጠፍልኝም። ይህን ያዙልኝ፤ የምነግራችሁ ሁሉ ስለ ሣር ነው፣ ሌላ ነገር ቢመስላችሁም።

አሁን ታደገኝን ላስተዋውቃችሁ። ጎረቤቴ ነው፤ አጥራችን አንድ ነው፤ በአጥሩ መሀል ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነበረን። ሥራው እንጨት መጥረብ ነው። የከተማውን በር፣ የከተማውን አልጋ፣ የምንጫወትባቸውን ሃያ አንዱንም ኳሶች የሠራው እሱ ነው። የኔን ኳስ የጠረባት ከባሌ ቤት አሮጌ የወይራ መቃን ነው፤ አንድ ጎኗ ውስጥ ጠጣር አንጓ ስላለባት ሁልጊዜ ወደዚያ ጎኗ ዘንበል ብላ ነው የምትቆመው፣ ልክ እንደ ባለቤቷ፣ ወገቤን እንደሚያደርገኝ ማለቴ ነው። እያንዳንዱ ሰው በኳሱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት አለው። የኔ ሦስት ነጥብ ነበር።

ለብዙ ዓመት የሚያሸንፈው ወይ እኔ ነኝ ወይ ታደገኝ ነው። እሱ ሲያሸንፍ፣ ላም ስለሌለው፣ «ሣሩን ውሰጂው» ይለኛል። እኔም እወስደዋለሁ። አመሰግናለሁ ብዬው አላውቅም። ጎረቤት ነው፤ ምን ይባላል።

አምና ነገሩ ተበላሸ። ከወንዝ ማዶ አልጣሽ የምትባል ባል የሞተባት ሴት መጥታ ከተማችን ገብታ ነበር። ረጅም ናት፣ ሳቂታ ናት፣ በሃምሳ አምስት ዓመቷ ጥርሷ አንድ አልጎደለም። ጥርስ ሙሉ የሆነ ሰው በዚያ ዕድሜ አይታመንም። ታደገኝ አሸነፈና በሕዝብ ፊት የዓመቱ ሣር እኩሌታው ለዘርፌ፣ እኩሌታው ለአልጣሽ ይሁን አለ። ዘርፌ እኔ ነኝ። ለምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። ጠይቄው ቢሆን ኖሮ አሁን ይህን አልተርክላችሁም ነበር። ሰው እኩሌታ ሣር ዝም ብሎ አይሰጥም ብዬ አሰብኩ። ጥርሷን አየሁ፤ እሱን አየሁ፤ ቤቴ ገብቼ ሦስት ቀን አሰብኩ።

ሦስት ቀን ያሰበ ሰው የማያገኘው ነገር የለም። በጨዋታው ቀን ኳሶቻችንን ለማየት ወደ እናት ስንሄድ ታደገኝ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እኔ መንገድ ላይ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳስር ዘገየሁ። ቀና ስል የእሱ ኳስ ከእናት ጋር ተጣብቃለች። ከሩቅ ሳያት እንደዚያ የተጠጋች አልመሰለችኝም ነበር። ታዲያ ማን አስጠጋት? እግሩ። ተነስቼ ወደ ከተማው አዳራሽ ሄድኩና ታደገኝ ኳሱን በእግሩ ሲገፋ አይቻለሁ አልኩ። አይቻለሁ አልኩ። ማየት በዓይን ብቻ ነው ያለው ማን ነው።

አዳራሹ ውስጥ የጥንቃቄ ሹም የሚባል አለ፤ አቶ ልሳነወርቅ። ሥራው መጠንቀቅ ነው። ከምን እንደሚጠነቀቅ ግን እስከዚያ ቀን የነገረው ሰው አልነበረም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። የኔን ክስ ሲሰማ ተነስቶ ቆመ። እጄን በሁለት እጁ ይዞ እርስዎ ባይኖሩ ይህች ከተማ ምን ይውጣት ነበር አለኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ፊደል ያልቆጠረች ሴት አዳራሽ ውስጥ ቆመው ሲቀበሏት ደስ ይላታል።

ታደገኝ ለአንድ ዓመት ከሜዳው ታገደ። እኔ ሁለተኛ ስለነበርኩ ሣሩ በሙሉ ለኔ ተፈረደ። አልጣሽ ምንም አላለችም፤ ያን ዝምታዋንም ጠረጠርኩት። ታደገኝ ግን በማግሥቱ በአጥሩ ክፍተት መጣ። መጥረቢያውን እንደያዘ ነው።

«ዘርፌ፣ አየሁ አልሽ?»

«አየሁ።»

«እሺ» አለ። ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍተቱ ያለፈ ሰው የለም፤ ሬት በቀለበት።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አቶ ልሳነወርቅ ሕዝቡን ሰብስቦ የዘንድሮውን ውድድር የሚያዘጋጀው የጥንቃቄ ቤት ነው፤ ማንም ሊያጭበረብርበት የማይችል ውድድር ይሆናል ብሎ ደንብ አነበበ። ሃያ ሦስት አንቀጽ ነው። ማንበብ ባልችልም የሰማሁትን አልረሳም፤ ሃያ ሦስቱንም አሁን ብትጠይቁኝ በቃሌ እወጣቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሜዳው ተዘጋ። ተዳፋቱን አስቀድሞ የሚለማመድ ሰው እንዳይኖር አርባ ቀን ማንም እንዳይረግጠው ተባለ፤ ዙሪያውን ገመድ ተዘረጋ። ሣሩ በዝናብ ላይ እንደሚያድግ ለሹሙ የነገረው አልነበረም፤ ወይም የነገረው ሰው ለምን ነገረኝ ተብሎ ተጠርጥሮ ይሆናል። በአርባኛው ቀን ሣሩ ወገብ ደረሰ። ይታጨድ ተባለ። ማን ይጨደው? ድሮ የማጭደው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ግን ያጨደ ሰው ለራሱ ኳስ መንገድ ሊከፍት ይችላል ተባለ። ስለዚህ ሜዳው በገመድ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ተጫዋች እኩል ቁራሽ ደረሰው። አንዱ ከሥሩ ላጨው፣ አንዱ እስከ ጉልበት ተወው፣ ሰለሞን የሚባለው ሽማግሌ ዓይኑ ስለማያይ ያጨደው የራሱን ነጠላ ነው። ሜዳው በስካር የተላጨ ራስ መሰለ።

ከዚያ ተመልካች መጣ። እያንዳንዱን ተጫዋች አንድ ተመልካች ከቤቱ ጀምሮ ይከታተለው ተባለ። ተመልካቹ ከየት ይምጣ? ጨዋታውን ከሚያውቅ ሰው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማጭበርበሩን እንዴት ያውቃል። ስለዚህ ታደገኝ ከታገደ በኋላ ከቀረነው ሃያ ተጫዋቾች አሥሩ ተመልካች ሆኑ። ተመልካቹስ ከተጫዋቹ ጋር ቢመሳጠር? ለተመልካቹም ተመልካች አስፈለገ። ሲቆጠር ስድስት ተጫዋች ቀረን። አቶ ልሳነወርቅ ይህን ሲነግሩት ጥሩ ነው፤ የሚያጭበረብረው ሰው ቁጥር ቀነሰ አለ።

ለኔ የደረሰችኝ ተመልካች መንትዋብ የምትባል አብሮ አደጌ ናት። አርባ ቀን ሙሉ በሬ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀመጠች። መጀመሪያ ላይ አፍራ ፊቷን ታዞር ነበር፤ በሳምንቱ ግን ጣማት። ሽንኩርት ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ቢንከባለል አንገቷን አስግጋ ወዴት እንደሄደ ታያለች።

«አንቺ፣ ሽንኩርቱን ወደ ግራ ነው የላክሽው» አለችኝ አንድ ቀን።

«ወደ ወጡ ነው የላክሁት። ትቀምሺ እንደሆን ግቢ» አልኳት።

አልገባችም። ይህንንም መዝግባለች ብዬ እጠረጥራለሁ። ከተማው እንዲህ ሆነ። ሰው ሰላም ሲለው «ምን ፈልጎ ነው» ይላል፤ ሰላም ሳይለው ሲቀር «ምን ደብቆ ነው» ይላል። እኔ ይህን ሁሉ ያመጣሁት ሴት እንኳ አንድ ቀን ዳለቻ ዝም ብላ ስታየኝ ምን አስባ ነው ብዬ አሰብኩ።

ኳሶቹ ተሰበሰቡ። ምልክታቸውን ዳኛው ካየ ለወደደው ያደላል ተብሎ ሁሉም ተፋቁ፤ ሦስቱ ነጥቦቼም ተፋቁ። ከዚያ አንድ በአንድ ከየከረጢታቸው እየወጡ በጥላሸትና በሰም ተነክረው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው፣ ወደየከረጢታቸው ተመለሱ። ከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ስም ተሰፍቶበታል። ከረጢቱ የሚከፈተው በጨዋታው ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ነው። መጋረጃው ደግሞ ዳኛው ማን እንደሚያንከባልል እንዳያይ የተዘረጋ ነው፤ ከሥሩ እጅ ብቻ ይወጣል። እጅ እንዳይታወቅ ጓንት ይደረጋል። የተራው ቅደም ተከተል በዕጣ ሆኖ ዕጣው እንደወጣ ይቃጠላል፤ ተጽፎ ከተቀመጠ የሚሰርቀው አይጠፋምና። ይህ ሁሉ ሲነበብ ሰምቼ ራሴን ነቀነቅሁ። ጥሩ ነው አልኩ። አልጣሽ በምን ቀዳዳ ትገባ እንደሆነ አያለሁ አልኩ። ከስድስቱ ተጫዋቾች አንዷ እሷ ናት።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ነው፤ ፀሐዩ ገና አልከረረም። ዳኛው ከሦስት ቀን መንገድ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ከተጫዋች ጋር ሊተዋወቅ ስለሚችል ጨዋታውን አይቶም ሰምቶም የማያውቅ ሰው ነው የተፈለገው። ከበቅሎው እንደወረደ «ሯጮቹ የታሉ?» አለ። አቶ ልሳነወርቅ በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንዲህ ያለ ገለልተኛ ሰው አላገኝም ብሎ ሰግቶ ነበር።

ታደገኝ ከገመዱ ውጭ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ዓመቱ ስላላለቀ አይጫወትም፤ መቀመጥ ግን ማንም አልከለከለውም፤ ለመቀመጥ አንቀጽ አልወጣለትም። ሃምሳ ከሞላኝ ወዲህ እሱ የሌለበት ጨዋታ ስጫወት የመጀመሪያዬ ነው። አላየሁትም። ማለት፣ አይቼዋለሁ፤ ግን እንዳላየሁ ሆንኩ።

ተራዬ ሲደርስ ከመጋረጃው ጀርባ ከረጢቴን ፈታሁ። ጥቁር ሆና ወጣች። ጓንቱን አድርጌም ቢሆን እጄ አወቃት፤ አንጓዋ መዳፌ ውስጥ ገባ። ዳለቻን አሰብኩ። አንከባለልኩ። ወዴት እንደሄደች ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ አይታይም፤ ሣሩን እየገሰገሰች ስትሄድ ድምፅዋ ብቻ ይሰማል፣ ከተላጨው ሣር ላይ ሹ ትላለች፣ ካልተላጨው ውስጥ ትታፈናለች። አንድ ጊዜ ቆመች መሰለኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ደግሞ ሄደች።

ስድስታችንም ጨረስን። መጋረጃው ተነሳ። ሁለት ኳሶች ረጅሙ ሣር ውስጥ ጠፍተዋል፤ ሦስቱ እዚህና እዚያ ቆመዋል። አንዷ ግን እናትን ተደግፋ ወደ አንድ ጎኗ ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። አሥር እርምጃ ርቄ አየኋት። ወገቤ ናት። የኔ ናት። ዳለቻ ለአንድ ዓመት በላች።

ዳኛው ጎንበስ ብሎ አነሳት። አገላብጦ አያት።

«የማን ናት?» አለ።

እኔ አፌን ልከፍት ስል አንቀጽ አሥራ ሁለት ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ኳሱን ለይቶ ያወቀ ተጫዋች በኳሱ ላይ ስውር ምልክት አድርጓል ማለት ነው፤ ከውድድሩ ይሰረዛል ይላል። አፌን ዘጋሁ። ሌሎቹም አምስቱ አፋቸውን ዘግተው መሬት መሬት ያያሉ፤ የኔ ናት የሚል ተሰረዘ፣ የኔ አይደለችም የሚልም የእሱን ለይቶ ማወቁ ነውና ተሰረዘ። ሃያ ሰው አርባ ቀን ሲጠነቀቅ ኖሮ ያሸነፈው ሰው በምን ይታወቃል ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። አቶ ልሳነወርቅ ቁልፉን ውስጥ ጥሎ በሩን የዘጋ ሰው መሰለ። ደንቡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለበጠው፤ መልሶ ገለበጠው።

ያን ጊዜ አልጣሽ ናት የተናገረችው። ያ ጥርሷ ብልጭ አለ።

«ኳሶቹን የሠራ ሰው እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጦ የለም እንዴ? እናት ልጇን ጥላሸት ስለተቀባ አትስተውም። ይጠየቅ።»

ምን አስባ ነው ብዬ አየኋት። አሁንም ቢሆን በዚያች ሰዓት መጠርጠሬን አልተውኩም። የሷ ናት ሊል ነው፤ ተነጋግረዋል፤ አልኩ በልቤ።

ታደገኝ ተጠርቶ መጣ። ኳሷን ተቀብሎ በጣቱ መገጣጠሚያ በአንድ ጎኗ መታ አደረጋት፤ ጆሮው ላይ አስጠጋት። ከዚያ በሌላ ጎኗ መታት። በዚያ ጎኗ ድምፅዋ ድፍን ነው። እኔን ሳያየኝ ነው የተናገረው።

«የዘርፌ ናት። ከቤቷ መቃን ነው የጠረብኳት።»

አንድ ዓመት ሙሉ ያላናገረኝ ሰው ነው። የአልጣሽ ናት ቢል የሚከራከረው አልነበረም። ምን ፈልጎ ነው ብዬ ፈለግሁ፤ ፈልጌ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

አቶ ልሳነወርቅ ግን የአምናውን መዝገብ አስመጥቶ ነበር።

«ይህ ሰው በዚሁ ሜዳ ላይ አታላይ መሆኑ የተመሰከረበት ነው። ቃሉን የምንቀበለው የመሰከረበት ሰው ቃሉ ይታመናል ካለ ብቻ ነው» አለና ወደኔ ዞረ። «እትዬ ዘርፌ፣ የዚህ ሰው ቃል ይታመናል?»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። መንትዋብ ከበርጩማዋ ተነስታ አየችኝ። አይታመንም ብል ሣሩ ሄደ፣ ዳለቻ ሄደች። ይታመናል ብል ደግሞ የሚመጣው ጥያቄ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ያልተማርኩ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።

«ይታመናል» አልኩ።

«እንግዲያስ አምና ኳሱን በእግሩ ሲገፋ አይቼዋለሁ ያሉት?»

ታደገኝ ኳሷን በእጁ ይዞ ቆሟል። አሁን አየኝ። ለዳለቻ ብዬ ነው ይታመናል ያልኩት፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለዳለቻ ብዬ አልነበረም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ያቺ «እሺ» ያላት ቃሉ ዓመቱን ሙሉ አንገቴ ላይ ተቀምጣ ከብዳኝ ይሆናል።

«አላየሁም» አልኩ። «ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ አስር ነበር።»

አቶ ልሳነወርቅ ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ፊቱ ፈካ፤ ቁልፉን ያገኘ ሰው ፊት ነው። ብዕሩን አውጥቶ እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበ።

«በሐሰት የመሰከረ ሰው ቃሉ አይታመንም። እትዬ ዘርፌ በሐሰት መመስከራቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ቃላቸው አይታመንም። ስለዚህ አላየሁም ማለታቸውም አይታመንም። ስለዚህ አይተዋል። ስለዚህ ታደገኝ አታላይ ነው፤ ኳሷም የማን እንደሆነች አልታወቀም። ባለቤቷ እስኪጣራ ድረስ ሜዳው ከነሣሩ በጥንቃቄ ቤት ይጠበቃል።»

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንዱ ስለዚህ ሌላውን ስለዚህ ተከትሎ ሲመጣ ሰው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ልነቀንቅ ስል ነው ራሴን የያዝኩት። ዳኛው ጨዋታው ማለቁ ስለገባው አጨበጨበ። ከዚያ ኳሷን ከታደገኝ እጅ ወስደው መዝገብ ቤት አስገቧት።

ሜዳው አሁን አጥር አለው። ዘበኛ አለው። ዘበኛውም ተመልካች አለው። ማንም ስለማይታመን ሣሩን ማንም አያጭደውም፤ ዘበኛው ቆሞ ቆቡ ብቻ የሚታይበት ደርሷል። ተመልካቹ ዘበኛውን ማየት ስላልቻለ ለእሱ ከፍ ያለ ማማ እየተሠራለት ነው። አቶ ልሳነወርቅ ሰላም ሲለኝ አሁንም በሁለት እጁ ነው። ማጣራቱ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው ይለኛል።

ዳለቻን ለመሸጥ ገመድ አስገብቼላት ነበር። ገበያው በማግሥቱ ነው። በሩ ላይ አልጣሽ አንድ ሸክም ሣር ይዛ መጣች፤ ከወንዝ ማዶ፣ ከድሮ ዘመዶቿ መሬት ያጨደችው ነው። ልብሷ በአንድ ትከሻዋ ርሷል። ዝናብ ካቆመ ሳምንቱ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ቤቴ ነው እትዬ። ክረምቱ ያጠጣው ገና እየተንጠባጠበ ነው» ብላ ሳቀች። «አምና ጋሽ ታደገኝ ጣሪያውን አይቶ ለክዳን የሚሆን ሣር ሊሰጠኝ ነበር እኮ።»

ለክዳን። እኩሌታው ሣር ለክዳን ነበር። ጥርሷን አየሁ። አመሰግናለሁ ልላት አፌን ከፍቼ «ምነው ዘገየሽ» አልኳት። ሸክሙን አወረደች፤ ወተት ቀዳሁላት። በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። ክዳኑን እስካሁን አላገኘችም፤ ያልረገጥነው ሣር ሁሉ ሜዳው ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል።

ታደገኝ ከተዝረከረከው ጓሮው ግንዶቹን ሲያነሳ ሦስት ቀን በአጥር ሰማሁት። በአራተኛው ቀን ሬቱን ነቅሎ በክፍተቱ ብቅ አለ። እጁ ላይ ሁለት አዲስ ኳሶች አሉ፤ ያልተነከሩ፣ ምልክትም የሌላቸው። ግንዶቹን ያነሳበትን ባዶ መሬት በአገጩ አሳየኝ፤ ሣር የለበትም፤ ገና ይበቅላል ማለቱ ነው። መሀሉ ላይ ነጭ ድንጋይ አስቀምጧል።

«እኔን ምን ልትለኝ መጣህ?» አልኩት።

«ምንም። ትጫወቻለሽ ወይ?»

ምን አስቦ ነው ብዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እንደ መድኃኒት ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ሥራውን ሲያቆም፣ እንጫወታለን። እኔ አንከባልላለሁ፣ እሱ ያያል። እሱ ያንከባልላል፤ ወደ ድንጋዩም ቀድሞኝ ይሄዳል፤ እግሩ ከኔ ይፈጥናል። ማን እንዳሸነፈ የሚነግረኝ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አራት ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። አራት ጊዜ። አንገቴን በላኝ፤ በጣም በላኝ።

ግን እሱ ወደ ድንጋዩ መሄድ ሲጀምር እኔ ሁልጊዜ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አስራለሁ። አሁን የማደርገው የላስቲክ ጫማ ነው። ማሰሪያ የለውም።